ነጭ የሆነው ደረሰኝ፤ ስለ ፕሪንተሮች አሠራርና አያያዝ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በማኅበሩ የሒሳብ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



በዛሬው አጀንዳ ላይ «ስለ ፕሪንተር ግዥ» የሚለውን ነጥብ ስታዩ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ እንዳላችሁ አይቻለሁ። «ይሄ የቴክኒሽያን ነገር ነው፤ ሒሳብ ሠራተኛዋን ምን አገባት?» ያላችሁም አትጠፉም። እውነት ነው፤ እኔ የተማርኩት ሒሳብ ነው፤ ዲፕሎማዬም የሒሳብ ነው። ዛሬ ስለ ፕሪንተር የምናገረው ማሽን ስለምወድ አይደለም። በማሽን ምርጫዬ የተነሳ አንዲት እናታችንን ስለበደልኩ ነው።

በእጄ የያዝኩትን ወረቀት ተቀባበሉት። ምን ይታያችኋል? ምንም የለበትም፤ ነጭ ነው። ይህ ወረቀት ግን የ500 ብር የቁጠባ ደረሰኝ ነበር።

ታሪኩን የምነግራችሁ ባለታሪኳ ፈቅደውልኝ ነው፤ ስማቸውን ግን አልጠራም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደረሰኛችን በእጅ ይጻፍ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። የደረሰኝ ጥራዙ ዋጋ ጨመረ፤ የእጅ ጽሑፉ አልነበብ አለ፤ የወሩ መክፈያ ቀን ላይ ሰልፉ እስከ በሩ ይደርስ ነበር። ያኔ «ትንሿን የደረሰኝ ፕሪንተር እንግዛ፤ ቀለም አትፈልግም፤ ወጪ የለባትም» ብዬ ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ኮሚቴው አመነኝ፤ ገዛን። ሰልፉ አጠረ፤ ሁላችንም ደስ አለን።

ዓመቱ ሲያልቅ የእያንዳንዱን አባል ቁጠባ ስናመሳክር የእኚህ እናት ሒሳብ የአንድ ወር ክፍያ ጎደለው። እሳቸው «ከፍያለሁ» አሉ። እኔ «እንግዲያው ደረሰኙን ያምጡ» አልኩ። ቤታቸው ሄደው አመጡ። ደረሰኞቻቸውን ሁሉ በላስቲክ ጠቅልለው፣ እንጀራ በሚጋግሩበት ክፍል መደርደሪያ ላይ ነበር የሚያስቀምጧቸው። እንዳይረጥብባቸው ብለው ነው። ላስቲኩን ፈቱት። አብዛኛው ደብዝዟል፤ የዚያ ወር ደረሰኝ ጭራሽ ነጭ ሆኗል። «ጽሑፍ ነበረበት እኮ» አሉኝ። ያን ጊዜ የመለስኩትን ዛሬም አልረሳውም። «እኔ የማየው ነጭ ወረቀት ነው» አልኳቸው።

ምንም አልመለሱልኝም። ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ሁለት ወር ሙሉ ስብሰባ አልመጡም።

ገንዘቡ በኋላ ተገኘ። የዚያን ወር የሣጥን ቆጠራ ስገልጥ 500 ብር ትርፍ ተገኝቶ «ምንጩ ያልታወቀ ገቢ» ተብሎ ተጽፏል፤ የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው። ደረሰኙ ታትሞ ተሰጥቷቸው ነበር፤ እኔ ግን በመዝገቡ ላይ ስማቸውን ዘልያለሁ። ማሽኗ ቅጂ ስለማታስቀር እኛ ጋ ምንም አልቀረም። ስለዚህ ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ጥፋቴን ሊያሳይ ይችል የነበረው አንድ ማስረጃ ደግሞ እኔ ባስገዛሁት ማሽን ታትሞ ጠፋ። ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ብሩም በስማቸው ገባ። ቡና አፍልተው አጠጡኝ። ልወጣ ስል ግን እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ እኔስ ተገኘልኝ። ያልተገኘላት ብትኖርስ?»

ይህ ጥያቄ ነው ሰፈራችን ውስጥ ፕሪንተር የሚጠግን አንድ ወጣት ዘንድ የወሰደኝ። ሱቁ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ የተፈቱ ማሽኖችን እያየሁ፣ ብዙ ቅዳሜ ከሰዓት ጠየቅኩት። የየማሽኑን መመሪያም ቁጭ ብዬ አነበብኩ። የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ የቀረው ሁሉ ከእሱ ይመነጫል። በየቢሮውና በየሱቁ የምናያቸው ፕሪንተሮች በአብዛኛው አራት ዓይነት ናቸው። ሥራቸው አንድ ነው፤ ወረቀት ላይ ምልክት ማኖር። ልዩነታቸው ያ ምልክት ከምን እንደሚሠራ ነው። ይህን ያወቀ ሰው ማሽኑ በምን እንደሚበላሽ፣ የታተመው ወረቀትም በምን እንደሚጠፋ ያውቃል።

የመጀመሪያው የበደለኝ ነው፤ የሙቀት ፕሪንተር፣ በተለምዶ ተርማል የሚባለው። በየሱፐርማርኬቱና በየፋርማሲው ደረሰኝ የሚያወጣልን እሱ ነው። ይህ ማሽን ቀለም የለውም፤ ቀለሙ ያለው ወረቀቱ ውስጥ ነው። ወረቀቱ ሲሠራ ፊቱ ላይ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ኬሚካል ይቀባል። ማሽኑ ውስጥ ደግሞ በጣም ትናንሽ ማሞቂያዎች የተደረደሩበት ራስ አለ፤ ወረቀቱ በሥሩ ሲያልፍ ፊደል በሚወጣበት ቦታ ብቻ ይሞቃል። ስለዚህ ጽሑፉ የተቃጠለ ያህል ነው እንጂ የተቀባ አይደለም።

አሁን ቦርሳችሁ ውስጥ የሱቅ ደረሰኝ ካለ አውጡና ፊቱን በጥፍራችሁ ጫን አድርጋችሁ ፋቅ አድርጉት። ጥቁር መስመር ከወጣ የሙቀት ወረቀት ነው። ጥፍራችሁ የፈጠረው ሙቀት ብቻ አጠቆረው ማለት ነው። እንዲህ በቀላሉ የሚጠቁር ነገር በቀላሉም ይጠፋል። ፀሐይ፣ የምድጃ ወላፈን፣ ዘይት፣ የእጅ ቅባት፣ ሳኒታይዘርና አንዳንድ ላስቲክ ጽሑፉን ያደበዝዙታል። እናታችን «እንዳይበላሽ» ብለው ያደረጉት ሁሉ፣ ላስቲኩም የምድጃው ክፍልም፣ ለዚህ ወረቀት ጠላቱ ነበር። ይህን ሊነግራቸው የሚገባ ሰው ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ላሚኔት ማድረግም አይሆንም፤ የላሚኔት ማሽኑ ሙቀት ወረቀቱን በሙሉ ያጠቁረዋል። መፍትሔው በተቀበላችሁ ሰሞን ፎቶ ኮፒ ማድረግ ነው። ማሽኑን በተመለከተ ጥገናው ቀላል ነው፤ ጽሑፉ ላይ ነጭ መስመር ካለ ራሱ ቆሽሿል ማለት ነው። አጥፍቶ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ፣ አልኮል በነካ ጥጥ መጥረግ ነው። በቢላ ወይም በመርፌ መፋቅ ግን ራሱን ይገድለዋል።

ሁለተኛው ዶት ማትሪክስ ነው። ባንክ ቤት ደብተራችሁን ሲያስገቡት «ጭርርር» እያለ የሚጽፈውን አስቡት። ይህ ማሽን መርፌ አለው፤ ብዙውን ጊዜ 9 ወይም 24 መርፌዎች። መርፌዎቹ በኤሌክትሪክ ማግኔት እየተመቱ ቀለም የጠጣ ጨርቅ መሰል ጥብጣብ፣ ማለትም ሪበን፣ ወረቀቱ ላይ ይመታሉ። እያንዳንዱ ምት አንድ ነጥብ ነው፤ ነጥቦቹ ተገጣጥመው ፊደል ይሆናሉ። ጥልፍ የምትጠልፉ እህቶች ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ አበባው ከሩቅ ሲታይ አንድ ነው፣ ቀርባችሁ ስታዩት ግን የመርፌ ምት ድምር ነው።

ጫጫታ አለው፤ ቀርፋፋ ነው፤ መልኩም አያምርም። ሌሎቹ የሌላቸው አንድ ጸጋ ግን አለው፤ ይመታል። ስለሚመታ በሥሩ ካርቦን ያለው ወይም ራሱን የሚገለብጥ ወረቀት ብታደርጉበት በአንድ ጊዜ ሁለት ሦስት ቅጂ ያወጣል። አንዱ ለከፋይ፣ አንዱ ለእኛ። ሁለቱ በአንድ ምት ስለተጻፉ አንዱ ብቻ ቢለወጥ ከሌላው ጋር ሲመሳከር ይታወቃል። ለሒሳብ ሠራተኛ ከዚህ የበለጠ ምን አለ?

አያያዙ እንዲህ ነው፦ ጽሑፉ ሲደበዝዝ ሪበኑን መቀየር፤ የደረቀ ሪበን ላይ ያገኙትን ዘይትና ቀለም ማፍሰስ መርፌዎቹን ያጣብቃል። በጎኑ ያለችውን የወረቀት ውፍረት ማስተካከያ ለነጠላ ወረቀትና ለድርብ ወረቀት በየልኩ ማድረግ፤ ጠብቃ ከተተወች መርፌ ይሰበራል። ማሽኑ በርቶ ሳለ ወረቀት ማዞሪያውን በእጅ በኃይል አለማዞር። ራሱ ሲሠራ ስለሚግል ወዲያው አለመንካት። ሥራ ሲያልቅም ከአቧራ መሸፈን።

ሦስተኛው ኢንክጄት ነው፤ ፈሳሽ ቀለም የሚረጨው። ፎቶ የሚያወጣው፣ በቀለም የሚያሸበርቀው እሱ ነው። ወረቀቱ ላይ ከፀጉር በቀጠኑ ቀዳዳዎች ጠብታ ይተፋል። አንዷ ጠብታ የምትለካው በፒኮሊትር ነው፤ አንድ ፒኮሊትር ማለት የአንድ ሊትር ትሪሊዮንኛ ነው። ጠብታውን የሚያስወጣበት መንገድ ሁለት ነው። በአንዱ ዘዴ ከቀዳዳው ኋላ ያለች ማሞቂያ ቀለሙን ድንገት ታፈላዋለች፤ አረፋ ይፈጠርና ጠብታዋን ገፍቶ ያስወጣታል። እ.ኤ.አ. በ1977 የካኖን ኩባንያ ተመራማሪ የጋለ የብየዳ ብረት በአጋጣሚ ቀለም የያዘ የመርፌ ጫፍ ሲነካ ቀለሙ ተረጭቶ አየ፤ ሐሳቡ የመጣው ከዚያ ነው። ሁለተኛው፣ ኤፕሰን የሚጠቀምበት ዘዴ፣ ሙቀት የለውም፤ ኤሌክትሪክ ሲነካው ቅርጹን የሚለውጥ ቁስ ቀለሙን ጨምቆ ያስወጣዋል።

የዚህ ማሽን ችግር ከስሙ ይጀምራል፤ ቀለሙ ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሽ ደግሞ ይደርቃል። ወር ሙሉ ሳይሠራ ከተቀመጠ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ። ስለዚህ ሥራ ባይኖርም በሳምንት አንድ ባለቀለም ገጽ ማተም ይገባል። ሁለተኛው ነገር ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ነው። ማሽኑን ከዲቫይደሩ አናጥፋው! በራሱ ቁልፍ ስታጠፉት ራሱን ወደ ጥጉ ወስዶ ቀዳዳዎቹን በጎማ ክዳን ይከድናል፤ ድስት እንደመክደን ማለት ነው። ከዲቫይደሩ ስታጠፉት ግን ሳይከደን ያድራል። መብራት በድንገት ከጠፋም፣ ሲመጣ አብርቶ በቁልፉ እንደገና ማጥፋት ነው።

ጽሑፉ ሲቆራረጥ ማሽኑ ውስጥ የራስ ማጽጃ ትእዛዝ አለ። ይህ ትእዛዝ ግን ራሱን የሚያጥበው በውድ ቀለማችሁ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሩ፤ ካልሆነ ለጥቂት ሰዓታት አሳርፉት። አሥር ጊዜ ደጋግሞ ማጠብ ግማሽ ጠርሙስ ቀለም ወደ ቆሻሻ መሳቢያው ስፖንጅ መጨመር ነው፤ ያ ስፖንጅ ሲሞላ ደግሞ ማሽኑ አልሠራም ይላል። ባለ ታንክ ፕሪንተር ያላችሁ ቀለሙ ከታችኛው መስመር በታች እንዳይወርድ፤ አየር ይገባበታል። የተለያየ ዓይነት ቀለምም አትቀላቅሉ። የታተመው ወረቀት ላይ ውኃ ብታንጠባጥቡ ብዙውን ጊዜ ቀለሙ ይፈሳል፤ ስለዚህ ውል፣ የምስክር ወረቀትና ደረሰኝ በዚህ ባይታተም ይመረጣል።

አራተኛው ሌዘር ነው። ይህንን ለማስረዳት በበጋ ደረቅ አየር ጸጉራችሁን በፕላስቲክ ማበጠሪያ ስታበጥሩ የሚሆነውን አስታውሱ። ጸጉሩ ወደ ማበጠሪያው ይሳባል፤ ትናንሽ ወረቀትም ብታስጠጉ ይጣበቃል። ሌዘር ፕሪንተር የሚሠራው በዚሁ ነው። ድራም የሚባል የሚሽከረከር ሲሊንደር አለው። ድራሙ በሙሉ ይህን ዓይነት ኤሌክትሪክ ይሞላል። የሌዘር ጨረር ፊደሉን በብርሃን ይጽፍበታል፤ ብርሃን የነካው ቦታ ኤሌክትሪኩ ይለወጣል። ቶነር የሚባለው ደቃቅ ዱቄት በዚያ ቦታ ብቻ ይጣበቃል፤ ከድራሙም ወደ ወረቀቱ ይሻገራል። በመጨረሻ ወረቀቱ ወደ 200 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት በሁለት ጥቅሎች መካከል ያልፋል። ቶነር በአብዛኛው ፕላስቲክ ስለሆነ ቀልጦ ከወረቀቱ ጋር ይዋሐዳል። ወረቀቱ ትኩስ ሆኖ የሚወጣው ለዚህ ነው፤ ውኃ ቢነካው ጽሑፉ የማይፈሰውም ለዚህ ነው።

ይህን ዘዴ የጀመረው ሰው ከእኔ ጋር አንድ ያደርገኛል ብዬ አስባለሁ። ቼስተር ካርልሰን ይባላል፤ በአንድ ኩባንያ የፓተንት ክፍል ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ሰነድ እንደገና መገልበጥ ሰልችቶት ነበር። በቤቱ ወጥ ቤት ሙከራ ጀመረ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 22 ቀን 1938 ኒውዮርክ ውስጥ አስቶሪያ በተባለ ሰፈር ከረዳቱ ጋር የመጀመሪያውን ቅጂ አወጣ። ያወጣው ጽሑፍም የዕለቱ ቀንና የሰፈሩ ስም ነበር። ብዙ ኩባንያዎች አልፈልግም ብለውት ዓመታት አለፉ። የፎቶ ኮፒ ማሽን ከዚያ መጣ፤ ሌዘር ፕሪንተርም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከፎቶ ኮፒው ተወለደ። በእጅ መገልበጥ የሰለቸው ጸሐፊ ስንቱን አሳረፈ!

የሌዘር አያያዝ እንዲህ ነው፦ ድራሙን ፀሐይ ላይ ወይም መብራት ሥር ገልጦ አለማስቀመጥ፤ በእጅም አለመንካት። ጽሑፉ ሲደበዝዝ ቶነሩን አውጥቶ ግራና ቀኝ በቀስታ መናጥ፤ ዱቄቱ ሲስተካከል ተጨማሪ ገጾች ይሰጣል። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ እኩል ርቀት እየጠበቀ የሚደጋገም ነጠብጣብ ካለ ችግሩ ከሚሽከረከር ዕቃ ነው፤ ድራም ወይም ጥቅል። ጽሑፉ በጣት ሲታሽ ከተላቀቀ ማቅለጫው በቂ ሙቀት አልሰጠም። ይህን ብቻ ለጠጋኙ ብትነግሩት ብዙ መፈታታትና ብዙ ክፍያ ይቀራል።

ቶነር ልብስ ላይ ከፈሰሰ በሙቅ ውኃ አትጠቡት፤ ይቀልጥና ይቀራል። አራግፉት፤ ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃ። በአፍ እፍ አትበሉት፤ በተራው የቤት መጥረጊያ ማሽንም አትሳቡት፤ ዱቄቱ ደቃቅ ስለሆነ በማጣሪያው አልፎ ይበተናል። ሌዘር ማቅለጫውን ሲያሞቅ ብዙ ኤሌክትሪክ በአንዴ ስለሚስብ ከኮምፒውተሩ ዩፒኤስ ጋር አትሰኩት። የሌዘር ጽሑፍንም በላስቲክ አቃፊ ውስጥ ለዓመታት ስታስቀምጡ ተጠንቀቁ፤ አንዳንዱ ላስቲክ ጽሑፉን ወደ ራሱ ይለጥፋል። የወረቀት ወይም የካርቶን ፋይል ይሻላል።

ለሁሉም የሚሆን ሦስት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ወረቀት። እሽጉ የተከፈተ ወረቀት በክረምት እርጥበት ይጠጣል፤ ይጥመዘመዛል፤ ማሽን ውስጥ ይይዛል። ያልጨረሳችሁትን ደስጣ በልባሱ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። በጀርባው ለማተም አሮጌ ወረቀት ስትጠቀሙ፣ ቁጠባው ጥሩ ነው፣ ነገር ግን የስቴፕል ሽቦ አንድ እንኳ እንዳይቀር። አንዲት ሽቦ አንድ ድራም ትቧጭራለች። ሁለተኛ፣ ወረቀት ሲይዝ አትናደዱ። አጥፉት፤ ክዳኑን ክፈቱ፤ በሁለት እጅ፣ በቀስታ፣ ወረቀቱ በሚሄድበት አቅጣጫ ሳቡት። ሌዘር ከሆነ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። የተቀደደች ቁራጭ ውስጥ ከቀረች ነገ እንደገና ይይዛል። ሦስተኛ፣ አቧራ። በጨርቅ መሸፈን ከሁሉ የረከሰ ጥገና ነው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ፤ ወደ ዋጋ። ብዙ ሰው ፕሪንተር ሲገዛ የሚያየው የማሽኑን ዋጋ ነው። ማሽኑ ግን አንዴ ይገዛል፤ ቀለሙ ሁልጊዜ ይገዛል። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን «አንድ ገጽ ስንት ያስወጣል?» ብለን ነው። የቀለሙን ዋጋ ለሚያወጣው ገጽ ማካፈል ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም።

ለስሌት እንዲመች ቁጥር ልስጣችሁ፤ የገበያ ዋጋ ሳይሆን ምሳሌ ነው። አንድ ርካሽ ኢንክጄት 8,000 ብር ቢሆን፣ ካርትሬጁ 1,500 ብር ሆኖ 150 ገጽ ቢያወጣ፣ አንድ ገጽ 10 ብር ነው። አንድ ሌዘር 20,000 ብር ቢሆን፣ ቶነሩ 4,000 ብር ሆኖ 2,000 ገጽ ቢያወጣ፣ አንድ ገጽ 2 ብር ነው። በወር 200 ገጽ ብናትም በዓመት 2,400 ገጽ ነው። ርካሹ ማሽን በሁለት ዓመት ከነቀለሙ 56,000 ብር ይበላል። ውዱ 29,600 ብር። በ12,000 ብር የረከሰው ማሽን በሁለት ዓመት 26,400 ብር በለጠ! የወረቀቱ ዋጋ በሁለቱም እኩል ስለሆነ አላስገባሁትም።

በቶነር ካርቶን ላይ የሚጻፈው የገጽ ብዛት የተለካው ጽሑፉ ከገጹ 5 በመቶ ያህሉን ብቻ ሲሸፍን እንደሆነም እወቁ። የእኛ የሒሳብ ሠንጠረዥ መስመሩ ብዙ ስለሆነ ቶሎ ይጨርሰዋል። ከአዲስ ማሽን ጋር የሚመጣው ቶነርም ብዙ ጊዜ ሙሉ አይደለም። ቶነር ማስሞላት ወጪ ይቀንሳል፤ ዱቄቱ ለማሽኑ የማይስማማ ከሆነ ግን ይፈስና ድራሙን ያበላሻል። ስለዚህ ከተሞላ በኋላ እዚያው ሱቅ አሳትማችሁ አይታችሁ ክፈሉ።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ቃል አለኝ፤ በትሕትና ነው። መጋዘናችን ውስጥ በስጦታ የመጣ፣ እጅግ የሚያምር ባለቀለም ፕሪንተር አለ። ከመጣ ጀምሮ የታተመበት ከመቶ ገጽ አይበልጥም። ካርትሬጁ በገበያችን የለም፤ ተቀምጦም ራሱ ደርቋል። የሰጠን ሰው በፍቅር ነው የሰጠን፤ ያልጠየቅነውም እኛ ነን። ከእንግዲህ ማሽን ልትሰጡን ስታስቡ ሦስት ነገር ጠይቁን፦ ቀለሙ እዚህ ይገኛል ወይ? የሚጠግነው ሰው አለ ወይ? ለምን ሥራ ነው የምትፈልጉት? ብንመልስላችሁ ስጦታችሁ ዕድሜ ይኖረዋል።

እንግዲህ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ አራት ነው።

1. ለደረሰኝ ዶት ማትሪክስ ይገዛ፤ ደረሰኙ በሁለት ቅጂ ይታተም። አንዱ ለአባሏ፣ አንዱ በየወሩ ተጠርዞ ማኅበሩ ዘንድ ይቀመጥ። እስኪገዛ ድረስ ከነገ ጀምሮ ወደ ካርቦኑ ጥራዝ እንመለስ፤ ሰልፉን እንታገሥ።

2. ለሪፖርት፣ ለቃለ ጉባኤና ለብድር ውል ጥቁርና ነጭ ሌዘር ይገዛ። ባለቀለም ሥራ ስንፈልግ ፎቶ ኮፒ ቤት ካላት አባላችን ዘንድ እናሳትም።

3. በአጠገቡ አንድ ደብተር ይቀመጥ። ቶነርና ሪበን የተቀየረበት ቀን፣ የታተመው ገጽ ብዛትና የተከፈለው ገንዘብ ይጻፍበት። ሁለት ወጣት አባላት ጽዳቱንና ቀላል ጥገናውን ይማሩ። ጠጋኙ ወጣት ለማስተማር ፈቃደኛ ነው፤ ነገ ለእነሱም እንጀራ ሊሆን ይችላል።

4. ይህኛው አይደርም። ቤታችሁ ያሉትን የማኅበሩን የሙቀት ወረቀት ደረሰኞች ሁሉ እስከዚህ ወር መጨረሻ ድረስ አምጡልኝ። የሚነበቡትን ፎቶ ኮፒ አድርገን፣ ከመዝገቡ ጋር አመሳክረን፣ ማኅተም እናደርግላችኋለን። ነጭ የሆነውንም አምጡት። ከእንግዲህ ነጭ ወረቀት ይዛ የመጣችን አባል «ማስረጃ የለሽም» ብዬ አልመልስም፤ መጀመሪያ የራሴን መዝገብ እፈትሻለሁ።

እናቶቼ፣ እህቶቼ፤ እኛ ብዙዎቻችን ባንክ ብድር ስንጠይቅ የምናስይዘው ነገር የሌለን ነን። እዚህ ማኅበር ውስጥ የምናስይዘው ቃላችንን ነው። ደረሰኝ ማለት የዚያ ቃል ምስክር ነው። ምስክር ደግሞ ፀሐይ ሲያየው ወይም ምድጃ አጠገብ ሲያድር ቃሉን መለወጥ የለበትም።

ያን ቀን በር ላይ የተጠየቅኩት ጥያቄ «ያልተገኘላት ብትኖርስ?» የሚል ነበር። መልሱን እስካሁን አላውቀውም። ልናውቀው የምንችለው ደረሰኞቻችሁን ስታመጡ ብቻ ነው። ሰኞ ጠዋት ከ3 ሰዓት ጀምሮ ቢሮ ነኝ፤ እጠብቃችኋለሁ።